የድሮዋ ናዝሬት ፎቶና ኔጋቲቭ ተገኝቷል፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (የፖስታ ቤት ሰፈር ልጅ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። የእናቴ አጎት ድሮ እዚሁ ከተማ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃ ስናወጣ በብስኩት ቆርቆሮና በጫማ ካርቶን የታጨቀ ፎቶና ኔጋቲቭ አገኘን። አብዛኛው ጉርድ ፎቶና ሠርግ ነው። የከተማው ፎቶም አለ፤ ባቡር ጣቢያው፣ ጋሪ የተደረደረበት መንገድ፣ የጣሊያን ጊዜ የሚመስሉ ባለ በረንዳ ቤቶች፣ ከኋላው ተራራ የሚታይ ሜዳ። አንዳንዱ ጀርባው ላይ «ናዝሬት 62» ይላል። ብዙው ምንም አልተጻፈበትም። እርስ በርስ የተጣበቁም አሉ። አንዱ ቆርቆሮ ደግሞ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

እንዴት ላቆያቸው? በስልክ ባነሳቸው ይበቃል? ዓመቱንና ቦታውንስ በምን አውቃለሁ? የአክስቴ ልጅ ዛሬውኑ ፌስቡክ ላይ እንልቀቀው እያለ ነው።

ፊልም አጣቢው

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የሚሸተውን ቆርቆሮ ከሌሎቹ ለይው። ሽታው አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሲበላሽ የሚወጣ አሲድ ነው፤ አጠገቡ ያለውንም ፊልም ያበላሻል። ክዳኑን ገጥመሽ አታፍኚው። የጀመረውን ብልሽት ማዘግየት እንጂ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ስካን ሲደረግ ተራው የመጀመሪያ ይሁን።

የፊልሙን ጠርዝ ብርሃን ላይ እዪው። «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ካለ ደህና ነው። ከሌለና በጣም ያረጀ ከሆነ ናይትሬት የሚባለው የድሮ ፊልም ሊሆን ይችላል። ናይትሬት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ኮዳክ መሥራት ያቆመው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ከምድጃና ከፀሐይ አርቂው። ቆርጦ በክብሪት መሞከር የሚባል ምክር ብትሰሚ ጆሮሽን አትስጪ።

የተጣበቁትን አትገንጥይ። ኔጋቲቩ ካለ ፎቶውን ለማላቀቅ ምን ያታግላል? ከፊልሙ እንደገና ይታተማል። ላሚኔት አይነካቸው፤ ይኼ እኛ አገር የብዙ ፎቶ ጥፋት ነው። ፌስታልም፣ ገጹ የሚያጣብቅ አልበምም ይቅር። ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጥፈሽ ፖስታ ሥሪላቸው። የአዳማን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ ላይ አታስቀምጪ። ቀዝቀዝ ካለ ክፍል፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ይሻላል።

ስካነር

ስልክ ለመዝገብ ይሆናል፤ ለማቆያ ግን አይበቃም። የወረቀት ፎቶ በ600 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት ነው)፣ 35 ሚ.ሜ. ኔጋቲቭ ከ2400 እስከ 3200 ዲ.ፒ.አይ. ስካን ይደረግ። ፋይሉ ጥራት የማይቀንሰው ቲፍ ይሁን፤ ጄፔግ ለመላላኪያ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለው ተራ ስካነር ኔጋቲቭ አያነሳም፤ ክዳኑ ላይ መብራት ያለው ያስፈልጋል። ኮፒ ቤት ስትሄጂ «ስካን እናደርጋለን» ይሉሻል፤ የክዳኑን መብራት ጠይቂ።

ለጊዜው የቴሌቪዥን ወይም የታብሌት ነጭ ስክሪን ላይ ፊልሙን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ይዘሽ በስልክ አንሺ፣ ከዚያ ቀለሙን ገልብጪ። ምን እንዳለሽ ለማወቅ ይህ በቂ ነው። ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጪ። አንድ ኮፒ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ኢንተርኔት ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ማቅለምና ማሳመር ከፈለግሽ በኮፒው ላይ ይሁን።

ሌላ ነገር፤ ኔጋቲቮቹ በፖስታ ከሆኑ ፖስታዎቹን አትደባልቂ። አብረው የተገኙት አብረው ይቆዩ።

የድሮ ባቡር ሠራተኛ

ልጄ፣ «62» ያልሽው በእኛ ይሁን በፈረንጅ አጣሪ። በእኛ 1962 ከሆነ በፈረንጅ 1969 ወይም 70 ነው። በፈረንጅ 62 ከሆነ ደግሞ በእኛ 1954 ወይም 55። ፎቶውን ለውጭ ሰው ያዘጋጁት ከሆነ በፈረንጅ ሊጽፉ ይችላሉ።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በእኛ በ1909 ነው፤ ስለዚህ የጣቢያው ፎቶ ብዙ ወደ ኋላ አይሄድም። ምልክቶችን ተመልከቺ። ባንዲራው ላይ አንበሳ ካለ ከደርግ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በር ላይ የቀበሌ የቤት ቁጥር ከተለጠፈ ከ1967 በኋላ ነው፤ ትርፍ ቤት የተወረሰው በዚያ ዓመት ሐምሌ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ በቁቤ ከተጻፈ ከ1984 ወዲህ ነው። «ናዝሬት» የሚለው ብቻውን ዓመት አያሳይም፤ ስሙ በይፋ አዳማ ከተባለ በኋላም በአፋችንም በሱቆቹም ላይ ቆይቷል።

የጣሊያን ጊዜ ያልሽውን ቤት ሁሉ ለጣሊያን አትስጪ። እዚህ የቆዩት ከ1928 እስከ 1933 ነው። ከዚያ በኋላም ባለ በረንዳ ቤት ተሠርቷል።

ካርታ ወዳዱ

ጋሼ የነገሩሽ ላይ ልጨምር። ቦታውን ለማወቅ ከሕንፃው ይልቅ ተራራውን ያዢ፤ ሕንፃ ይፈርሳል፣ መንገድ ይሰፋል። ወደ ምሥራቅ ሁለት ጫፍ ያለው ቦሰት ነው፤ ወደ ምዕራብ በሩቁ ዝቋላ፣ ወደ ደቡብ ቦኩ። ጎግል ኧርዝን ወደ መሬት አስጠግተሽ፣ እይታውን አጋድመሽ ፎቶው ላይ ካለው የተራራ መስመር ጋር አስተያይ። ጥላውም ያግዛል፤ ግን ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ያሳስታል። የጠዋትና የማታ ጥላ ይሻላል።

አሜሪካኖች ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ኮሮና በሚባሉ የስለላ ሳተላይቶች ያነሱት ምስል በ1995 እ.ኤ.አ. ምስጢርነቱ ተነሥቷል። ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ድረ ገጽ ይፈለጋል። ደመና የሌለበት የአዳማ ምስል ካገኘሽ የትኛው ሰፈር ሜዳ እንደነበር በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

መዝገብ ቤት

የፌስቡኩን ነገር ቀስ በሉ። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የፎቶ ጥበቃ ከተነሣበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ የድሮዎቹ አልፈውታል። የሰዎቹ ጉርድ ፎቶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ ይላል። ሕጉን ተዪው፤ የሰው እናት የልጅነት ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ስታገኘው ደስ ላይላት ይችላል። መንገዱን፣ ጣቢያውንና ሜዳውን ለጥፊ፤ ሠርጉን ለባለቤቶቹ መልሺ።

ለተቋም ልስጥ ካልሽ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶ ክምችት አለው፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም አለ። ምን እንደሰጠሽና ማን ሊጠቀምበት እንደሚችል በጽሑፍ ሳትይዢ ዋናውን አታስረክቢ።

የፖስታ ቤት ሰፈር ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ ባንዲራው ላይ አንበሳው አለ። ስለዚህ 62 በእኛም በፈረንጅም ያስኬዳል ማለት ነው፤ አልፈታልኝም። አሁን ያየሁት ደግሞ ፖስታዎቹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 4 ቁጥር ያላቸው አሃዞች አሉ። ዓመት አይመስሉም። ምንድን ናቸው?

ፊልም አጣቢው

የፎቶ ቤቱ መዝገብ ቁጥር ነው። ደንበኛ «ያኔ የተነሣሁትን ድገምልኝ» ብሎ ሲመጣ ኔጋቲቩን የሚያገኙት በዚያ ነው። ቁጥሩ በቅደም ተከተል ስለሚሰጥ አንዱን ፖስታ ዓመቱን ካወቅሽ የጎረቤቱንም በግምት ታውቂያለሽ። ስለ 62ቱም ይፈርድልሻል፤ ቀኑ ከታወቀ ሠርግ ጋር ቁጥሩን አስተያይ።

አሁን ደብተሩን ፈልጊ። ረዘም ያለ የሒሳብ መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ ስም፣ ቀንና ቁጥር ይኖርበታል።

የድሮ ባቡር ሠራተኛ

ቤቱ ሳይፈርስ መሳቢያውንና ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ተመልከቺ፤ ዕቃ የሚያወጡት ልጆች አሮጌ ደብተር ነው ብለው ለሱቅ መጠቅለያ እንዳይሸጡት። ጣቢያውን ያሳያል ያልሽውን እዚህ ለጥፊው። ያኔ አብረውኝ የሠሩ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ አትሜ እወስድላቸዋለሁ።