የሚያስል ልጅ ማቆያ መቼ ይመለስ? ምርመራውና ክትባቱስ?

አራት_ኪሎ_ማቆያ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ለሚውሉበት ማቆያ የአንድ ገጽ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ወላጅ "የኮቪድ ምርመራው ኔጌቲቭ ነው" ብሎ የሚያስል ልጅ ሲያመጣ እንቀበል? ትኩሳት የለቀቀው ልጅ ስንት ቀን ቤት ይቆይ? ሞግዚቶቹን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ብናስከትብ ምን ምን ማየት አለብን?

ላብራቶሪ_ልደታ
በኔጌቲቭ ወረቀት ብቻ አትቀበሉ። ፈጣኑ የኮቪድ ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፤ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ፕሮቲኑ ገና ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ምልክት ያለው ሰው ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገመው። ደግሞ የኮቪድ መመርመሪያ ኪት ስለ ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ሕፃናትን ክፉኛ ስለሚያጠቃው አር.ኤስ.ቪ የተባለ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ምንም አይናገርም።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ሌላ ነው። ስዋቡን (ናሙና መውሰጃውን ዘንግ) አፍንጫ ጫፍ ላይ ነካ አድርጎ ማውጣት ዋናው ስህተት ነው፤ ኪቱ ውስጥ ያለው ወረቀት የሚለውን ያህል ገብቶ፣ በአንዱ ስዋብ ሁለቱም ቀዳዳ ግድግዳው እየተነካ መዞር አለበት። ኪቱ ላይ የሚደረገውን የፈሳሽ ጠብታ ማብዛትም ውጤት ያበላሻል። አብዛኛው ኪት በ15 ደቂቃ ይነበባል፤ በ5 ደቂቃ ያየ ይሳሳታል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያየም ይሳሳታል። የ"ሲ" መስመር ካልወጣ ሌላው ምንም ቢያሳይ ምርመራው አልሠራም። የ"ቲ" መስመር ግን ደብዘዝ ብሎ ቢወጣም ፖዘቲቭ ነው። ኪቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ የከረመውን አትመኑ።

ነርስ_ካዛንቺስ
የመመለሻው መለኪያ ትኩሳቱ ነው፦ ያለ ፓራሲታሞል 24 ሰዓት ከትኩሳት ነፃ የሆነ፣ የሚበላና የሚጫወት ልጅ ይመለስ። ሳሉ ብቻውን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል በሳል ብቻ ወደ ቤት አትመልሱት። "ያለ ፓራሲታሞል" የሚለውን ጠበቅ አድርጋችሁ ጻፉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሽሮፕ የተሰጠው ልጅ በር ላይ ቀዝቃዛ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ትኩሳቱ ይመለሳል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ "መጨረሻ የተሰጠበት ሰዓት" የሚል ቦታ ይኑር።

ሞግዚቶቹ ትንፋሽ መቁጠር ይልመዱ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ገለጥ ብሎ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኖ እየተነፈሰ ነውና የሳምባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት ወይም ውኃ መውሰድ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ግን ወላጅ ከሥራ እስኪወጣ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ከሌላ ልጅ የተረፈ አሞክሳሲሊን ለጉንፋን አይሰጥ፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም። አስፒሪን ለልጅ የለም። ማር ከ1 ዓመት በታች ክልክል ነው፣ ጭላጩም ቢሆን። ቡና ሲፈላ ከሰሉ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል ይራቅ፣ መስኮትም ይከፈት። አንድ ቀን ብቻ ግን መስኮቱን ዝጉ፦ ኅዳር 12። "ኅዳር ሲታጠን" የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ በሽታው ራሱ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ጭሱ ግን አስም ላለበት ልጅ አደጋ ነው።

ክትባት_አራዳ
የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ስለሌለ በግል ነው የሚፈለገው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የየትኛው ወቅት ምርት ነው፣ ጊዜው መቼ ያልፋል፣ ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን የሚያሳይ ቴርሞሜትር አለ ወይ? የወቅቱ ጉዳይ የሚነሳው የዓለም ጤና ድርጅት ቅንብሩን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሰሜንና ለደቡብ ንፍቀ ክበብ ለየብቻ ስለሚያድስ ነው። አንዴ በረዶ የሆነ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቢቀልጥም ተበላሽቷል። በመርፌ የሚሰጠው ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት ነፍሰ ጡር ሞግዚትም ትከተባለች። መከላከል የሚጀምረው ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ በየዓመቱም ይደገማል።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ግን መጀመሪያ የልጆቹን የክትባት ካርድ አገላብጡ። የሳምባ ምች መከላከያው ፒ.ሲ.ቪ እና ትክትክን ጨምሮ የሚከላከለው ፔንታ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ የኩፍኙ በ9 እና በ15 ወር፣ ሁሉም በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ። ያቋረጠ ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከአንድ አይጀምርም። ቀለል ያለ ሳልና ንፍጥ ክትባት አያስቀርም።

አራት_ኪሎ_ማቆያ
እናመሰግናለን። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያስ ይገዛ?

ነርስ_ካዛንቺስ
የአዋቂው ለሕፃን ጣት ስለሚሰፋ ያሳስታል፤ የሕፃናቱን ካላገኛችሁ ይቅር። ካገኛችሁም፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ልጅ ቁጥር ከቆላው ትንሽ ዝቅ ማለቱ አያስደንግጣችሁ። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ግን ሆስፒታል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ደረቱ የሚሰረጎድ ልጅም እንደዚያው ሆስፒታል ይሂድ።