ቀኝ እጁ የማይታዘዘው ተዋናይ ጃሜል ደቡዝ፣ የሚያውቀው አለ?

የሄርማታው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ። ቀን እንጨት ቤት ቫርኒሽ እቀባለሁ፣ ማታ ከሰፈር ልጆች ጋር ድራማ እንለማመዳለን። ከሦስት ዓመት በፊት ባጃጅ ተገልብጦብኝ ቀኝ እጄ ከዚያ ወዲህ አይታዘዘኝም። ከዚያ በኋላ የሚሰጠኝ ሚና ለማኝ ብቻ ሆነ። ባለፈው እሑድ የባለሻይ ቤቱን ሚና ስጡኝ አልኩ። «ሻዩን በምንህ ልትቀዳ?» ተባልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ጓደኛዬ ስለ ጃሜል ደቡዝ ነገረኝ። እውነት እጁ አይሠራም? መድረክ ላይስ ምን ያደርገዋል?

የጅሬኗ፦
ወንድሜ፣ አይዞህ። እውነት ነው። ስሙ እኛ ጀማል የምንለው ነው። ወላጆቹ ሞሮኳውያን ናቸው፤ እሱ በ1975 (ሁሉም በፈረንጅ ነው) ፓሪስ ተወልዶ፣ ትራፕ በምትባል ዳር ከተማ አደገ። በ1990 ገና በ14 ዓመቱ ባቡር ገጭቶት ቀኝ ክንዱ ሽባ ሆነ። ትወናን የተማረው እዚያው ትራፕ ውስጥ፣ ያለ ጽሑፍ ወዲያው እየፈጠሩ በሚጫወቱበት ቡድን ነው። ከዚያ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ብቻውን ቆሞ ሕዝብ የሚያስቅበት መድረክ መጣ። እጁን ብዙ ጊዜ ኪሱ ይከተዋል። በቃ። አፉና ዓይኑ ይሠራሉ።

አንተ ግን «አሜሊ» የሚለውን ፊልም (2001) እይ። የአትክልት ሻጭ ረዳት ሆኖ ነው የሚጫወተው። አሠሪው ሲያመናጭቀው እሱ አትክልቱን እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርጎ ያነሳል። ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ እጅ! ያንን ያየ ሰው ሻዩ በምን ይቀዳል ብሎ አይጠይቅህም።

የወታደር የልጅ ልጅ፦
እኔ የምወደው በ2006 የወጣውን የጦርነት ፊልሙን ነው። ከሰሜን አፍሪካ መጥተው ለፈረንሳይ ስለተዋጉ ወታደሮች ነው። እሱም ወታደር ሆኖ ሠርቷል። ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማቱን የፊልሙ ተዋናዮች ለአምስት ተካፈሉት። ከዚህ በላይ ግን፣ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ለዓመታት ባለበት ቆሞ የነበረውን የእነዚያን አርበኞች ጡረታ ከፈረንሳዮቹ እኩል ለማድረግ ወሰነ። አያቴ ኮሪያ ዘምቶ ነበር። ፊልሙን ያየሁት ፎቶውን ከተሰቀለበት አውርጄ አጠገቤ አድርጌ ነው። እና ወንድም ዓለም፣ ለማኝ ብቻ ሁን ካሉህ እንቢ በል።

የሄርማታው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የአትክልቷን ቦታ አራት ጊዜ መልሼ አየኋት። አይቸኩልም። እኔ የምቸኩለው እጄ እንዳይታይብኝ ብዬ ነበር።

ትናንት ማታ ቤት ውስጥ በግራ እጄ ሻይ ስቀዳ አመሸሁ። እናቴ አሥር ብርጭቆ ደረደረችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፈሰሱ፣ የቀሩት ሞሉ። እሑድ ፔርሙዙን ይዤ ልሄድ ነው።