ሹራብ መጀመሪያ የእግር ነበር

ሹራብ የሚለው ቃል «ሸረበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው የምትሉ ብዙ ናችሁ። ሸረበ፣ ሹሩባ፣ ሹራብ፤ ሲጠሩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማምነው። አሁን አላምንም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሹራብ ለእኛ ጌጥ አይደለም። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎን አለፍ ብለን እናወልቃለን፣ ማታ ስንመለስ እዚያው ላይ መልሰን እንለብሳለን። አያቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ ጠዋት ለትምህርት ስንወጣ በር ላይ ቆማ «የእግር ሹራብህን አድርገሃል?» ትለኝ ነበር። ካልሲ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ጓንትም አትልም፤ «የእጅ ሹራብ» ነው የምትለው። እኛ ልጆቹ የገጠር አነጋገር ይመስለን ነበር።

ነገሩ የገባኝ የአክስቴ ልጅ ጂዳ ሠርታ ስትመለስ ነው። በሄደች በመጀመሪያው ሳምንት ማዳሟ «ሹራብ አምጪ» አለቻት። በዚያ ሙቀት ምን ሊያደርግላት ነው ብላ እየተገረመች፣ ከደሴ ለብሳው የሄደችውን የራሷን ሹራብ አምጥታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ እግሯን እያሳየች «ሹራብ! ሹራብ!» ትላለች። ለካ የፈለገችው ካልሲ ነው።

በግብፅና በሱዳን የአነጋገር ዓረብኛም እንደዚሁ ነው። የመጽሐፉ ዓረብኛ ደግሞ «ጀውረብ» ይለዋል። ቱርኮች «ቾራፕ»፣ ቡልጋሮችም «ቾራፕ»፣ ሰርቦች «ቻራፓ»፣ ኡርዱ ተናጋሪዎች «ጁራብ» ይላሉ። ሁሉም ካልሲ ማለታቸው ነው። መነሻው የፋርስ ቋንቋ እንደሆነ የጥንት የዓረብኛ ቃላት ሊቃውንትም ጽፈዋል። እንዲያውም በፋርስኛ «ጉር» መቃብር፣ «ፓ» እግር ስለሆነ «የእግር መቃብር» ማለት ነው ብለው ፈትተውታል። አፈታቱ ያምራል፤ ግን በድምፅ መመሳሰል ብቻ የቆመ ስለሆነ እኔ አልቀበለውም። እኛ ሹራብን ከሹሩባ ስናዛምድም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ከእግር ወደ ደረት እንዴት ወጣ? እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ቃሉ ወደ እኛ የመጣው ከዓረብኛ ነው። አማርኛ ሲቀበለው ግን የእግር ልብስነቱን ትቶ የአሠራሩን ዓይነት ያዘ፤ በእጅ ተሠርቶ የሚለጠጥ፣ ገላ ላይ ልክክ የሚል የክር ሥራ ሁሉ ሹራብ ሆነ። ስለዚህ የእግር፣ የእጅ፣ የራስ እየተባለ መለየት ነበረበት። ከዚያ የጣልያን ቃላት ገቡ። ካልሲ እግሩን ወሰደ፣ ጓንት እጁን ወሰደ፣ ለሹራብ የቀረለት ገላው ብቻ ሆነ። አያቴ «የእግር ሹራብ» ስትል አሮጌውን ትርጉም ሳትጥል ይዛ ነበር፣ እኛ ነን ያላወቅንላት።

ማሊያም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በጣልያንኛ የሹራብ ዓይነት ልብስ ሁሉ «ማልያ» ይባላል፣ እኛ ለኳስ ተጫዋች ብቻ አደረግነው።

አሁን ወደ «ሸረበ» ልመለስ። ጸጉር ይሸረባል፣ ጅራፍ ይሸረባል፣ ሴራም ይሸረባል። የአማርኛን ብልሃት እዩት፤ «ጎነጎነ»ም እንደዚሁ ለጸጉርም ለሴራም ይሆናል። ሴራ ብዙ ሰው ስለሚፈልግ ነው መሰለኝ፣ አንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ እየተላለፈ ካልተያያዘ አይጠብቅም። ለመሸረብም ቢያንስ ሦስት ዘለላ ያስፈልጋል። የሹራብ አሠራር ግን ሌላ ነው። አንድ ክር ነው፤ ያው ክር በራሱ ቀለበት ውስጥ እያለፈ፣ ቀለበት በቀለበት እየተያዘ ይሄዳል። ለዚህም ነው ጫፉን ስትስቡት ትርትር የሚለው። እናቴ የጠበበንን ሹራብ ተርትራ፣ ክሩን ጠቅልላ፣ አጥባ፣ ለታናሽ እህቴ እንደገና ትሠራው ነበር። ሹሩባን ብትፈቱት ግን የምታገኙት ያንኑ የጸጉር ዘለላ ነው። ሴቶቹም ቢሆኑ «ሹራብ ሠራሁ» እንጂ «ሹራብ ሸረብኩ» ሲሉ አልሰማሁም። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው፣ ሠሪዋ የማትጠቀምበት ግሥ ከየት መጥቶ የሥራው አባት ይሆናል?

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ቃሉ ባዕድ ሳይመስለን የኖረው «ሸረበ» ቀድሞ ቤት ውስጥ ስለነበረ ይሆናል። «ሱፍ» እንኳ ከዓረብኛ እንደመጣ ብዙ ሰው ሲነገረው ይገርመዋል፤ እዚያ የበግ ጸጉር ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ ሙሉ ልብስ ሆነ።

ቦረና፣ ወረኢሉ፣ ራያ ያላችሁ፣ «የእግር ሹራብ» የሚል ሰው አሁንም አለ? በዕድሜ የገፉትን ጠይቁልኝ። እኔ ከአያቴ በኋላ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አንድ አባት «የእግር ሹራብ፣ የእግር ሹራብ በጥንድ!» እያሉ ሲጣሩ። ቆሜ ሁለት ጥንድ ገዛኋቸው።