ነባር ሰርቨሮችን ለአስተዳዳሪ ድርጅት ማስረከብ ይገባል ወይስ አይገባም?

የውይይቱ መነሻ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ሲገለገሉባቸው የኖሩትን ሰርቨሮችና የኩበርኔቲስ ክላስተሮች (ኩበርኔቲስ በተባለው ሶፍትዌር ተቀናጅተው ፕሮግራሞችን በጋራ የሚያሠሩ የሰርቨር ስብስቦች) ከዳታ ሴንተራቸው ሳያወጡ፣ የዕለት ተዕለት አስተዳደሩን ብቻ በውል ለሌላ ድርጅት ቢሰጡ ይበጃልን?

የሲስተም አስተዳዳሪ፦ ይበጃል እላለሁ። የሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሆነው ለሴንት ኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2024 በኋላ የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣለትም፤ ኩበርኔቲስም በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል አዲስ ዕትም ስለሚያወጣና እያንዳንዱ ዕትም ድጋፍ የሚያገኘው ለ14 ወራት ገደማ ስለሆነ፣ ፕሪንተር ከመጠገን ጀምሮ ሁሉን የሚሠሩ ሁለትና ሦስት ባለሙያዎች ይህን ተከታትለው ሊዘልቁት አይችሉም። ሌሊት ተረኛ የሌለው ሰርቨር በእጃችን ነው ማለት ራስን ማታለል ነው።

የደኅንነት ባለሙያ፦ የባለሙያ እጥረቱን አልክድም፤ ነገር ግን የምናስረክበው ምን እንደሆነ በግልጽ እንነጋገር። በየሰርቨሩ የሚጫነው ኤጀንት፣ ማለትም ድርጅቱ ሰርቨሩን ከሩቅ የሚያስተዳድርበት ፕሮግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ በሩት (በሰርቨሩ ላይ ሁሉን ማድረግ በሚያስችል) ሥልጣን ይሠራል፤ በክላስተር ላይም ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሙሉ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው። ኤጀንቱ በ443 ፖርት (ለተመሰጠረ የድር ግንኙነት በሚውለው መስመር) ወደ ውጭ ብቻ ስለሚገናኝ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) መክፈት አያስፈልግም የሚለው ማረጋገጫ እውነት ቢሆንም አያጽናናም፤ ምክንያቱም ትእዛዙ የሚመጣው ኤጀንቱ ራሱ በከፈተው በዚያው መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 አስተዳዳሪ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የካሴያ ሶፍትዌር በጥቃት ሲደፈር፣ ኩባንያው ራሱ እንደገመተው ከ800 እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። ኩፕ የተባለው የስዊድን የገበያ ድርጅት የካሴያ ቀጥተኛ ደንበኛ አልነበረም፤ ሆኖም የሒሳብ መቀበያ ማሽኖቹን የሚያስተዳድርለት ድርጅት ሶፍትዌሩን ይጠቀም ስለነበር በመቶዎች የሚቆጠሩ መደብሮቹን ለመዝጋት ተገዷል።

የሲስተም አስተዳዳሪ፦ ይህን ሥጋት እቀበላለሁ፤ እንዲያውም አንድ ልጨምርበት። ነባር ሰርቨር እንደ አዲስ ሰርቨር አይደለም። በእጅ የተለወጡ ኮንፊገሬሽኖች (የአሠራር ቅንብሮች)፣ ማን እንደጻፋቸው የማይታወቁ በተወሰነላቸው ሰዓት በራሳቸው የሚነሡ ስክሪፕቶች (አጫጭር ፕሮግራሞች) አሉበት፤ የድርጅቱ አውቶሜሽን የራሱን አብነት ሲጭንበት እነዚህን ያለማስጠንቀቂያ ሊያጠፋቸው ይችላል። ስለዚህ ኤጀንቱ በመጀመሪያ የማየት ፈቃድ ብቻ ተሰጥቶት ቆጠራው ይጠናቀቅ፤ የመለወጥ ፈቃድ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ ለጥቂት ሰርቨሮች ብቻ፣ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ተመልሶ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።

የሕግ ባለሙያ፦ ስለ ሎጎች (ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ ስለሚመዘግብባቸው መዝገቦች) የተነሣ ነገር ስለሌለ ላንሣው። ማሽኖቹ ከአገር ባይወጡም ኤጀንቱ የሚልከው ሎግ ሊወጣ ይችላል፤ በሎግ ውስጥ ደግሞ የተገልጋዮች ስምና ስልክ ቁጥር መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ለሌላ በመስጠቱ ብቻ ከኃላፊነት ነጻ አይሆንም። ምን ዓይነት ሎግ የት እንደሚቀመጥ ኤጀንቱ ከመጫኑ በፊት በውሉ ይጻፍ።

የደኅንነት ባለሙያ፦ በእነዚህ ሁኔታዎች ከሆነ ተቃውሞዬ ይለዝባል፤ በአንድ ነገር ግን አልደራደርም። ከድርጅቱ ሥርዓት ውጭ የሚሠራ የአደጋ ጊዜ የአስተዳዳሪ መለያ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ይቆይ፤ ርክክቡም ከመፈረሙ በፊት ባለሙያዎቹ ኤጀንቱን ከአንድ የሥራ ሰርቨር ላይ ነቅለው አገልግሎቱ ሳይቋረጥ መቀጠሉን በተግባር ያሳዩ። ይህን ማሳየት ያልቻለ መሥሪያ ቤት ገና ለርክክብ አልደረሰም።