ክርክር፦ የአየር ውጊያ ድል በማን መዝገብ ይቆጠር?

የታሪክ ወዳጅ፦
ጥያቄው ይሄ ነው። በጦርነት ጊዜ አንድ ተዋጊ አብራሪ «ይህን ያህል አውሮፕላን መትቼ ጣልኩ» ብሎ ያስመዘግባል። ጦሩ ያጸድቅለታል፣ ይሸለማል፣ ስሙ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ የጠላት ቤተ መዛግብት ሲከፈት ቁጥሩ አይገጥምም። የትኛው ይጻፍ? እኔ የጠላት መዝገብ ይቅደም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 እንግሊዞች በአንድ ቀን 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን ብለው አወጁ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ መዝገብ ሲታይ ግን በዕለቱ ያጡት 60 ገደማ ነው። ሦስት እጥፍ ልዩነት!

ንስር፦
እና እነዚያ ልጆች ውሸታሞች ነበሩ ልትለን ነው? ሞት ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሲዋጉ ውለው፣ ዛሬ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወረቀት ገልጦ ድላቸውን ይቀንስባቸዋል። ደግሞ የጠላት ወረቀት! ተሸናፊ ኪሳራውን በትክክል ይጽፋል ያለህ ማነው?

መዝገብ ፈላጊ፦
ንስር፣ ውሸታም ያላቸው የለም። አብዛኛው የተጋነነ ቁጥር ከቅን ልቦና የመጣ ነው። ሦስት አብራሪዎች በየተራ አንዱን ቦምብ ጣይ ይመቱታል፣ ሦስቱም ሲወድቅ ያያሉ፣ ሦስቱም «የኔ ነው» ይላሉ። የጀርመኑ ተዋጊ አውሮፕላን ሜሰርሽሚት ደግሞ አብራሪው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ወደ ታች ሲወረወር ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከኋላ ሆኖ የሚተኩሰው ሰው በእሳት ተያያዘ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ደመና ውስጥ ሲገባ እስከ መሬት ተከትሎ የሚያይ የለም፤ ዓይኑን ከተከለ እሱን ከኋላው ይመቱታል።

በጣም የከፋው የቦምብ ጣይ ተኳሾች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1943 አሜሪካኖች የጀርመን ከተሞችን ሽቫይንፉርትንና ሬገንስቡርግን ሲደበድቡ ተኳሾቻቸው 288 የጀርመን ተዋጊ ጣልን ብለው አስመዘገቡ። ጀርመኖቹ ያጡት የዚያን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። በአንድ ጓድ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ መትረየሶች አንድ ዒላማ ላይ ሲተኩሱ ምን ትጠብቃለህ? አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚያ ቀን 60 ቦምብ ጣይ አጥተዋል። በዚያ ትርምስ ውስጥ በትክክል ቁጠር ማለት ግፍ ነው።

«ተሸናፊ ይደብቃል» ላልከው ግን አልስማማም። የኪሳራ ወረቀት ለጋዜጣ አይጻፍም። የሚጻፈው ለአቅርቦት ክፍሉ ነው። አዛዡ አሥር አውሮፕላን አጥቶ ሦስት ብሎ ቢጽፍ የሚላክለት ምትክ ሦስት ነው፣ በማግስቱም በሌለ አውሮፕላን እንዲዋጋ ይታዘዛል። የሞተ አብራሪ ደመወዙ ይቆማል፣ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ይሄዳል። ያን ሁሉ መደበቅ ቀላል አይደለም።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ የወረቀትንም ድካም አትርሱ። አውሮፕላኑ ተመትቶ እየተንገዳገደ ሰፈሩ ድረስ ይመጣና ሲያርፍ ይሰባበራል። ጸሐፊው «አደጋ» ብሎ ይመዘግበዋል። ታዲያ የጣለው ሰው ድል የት ገባ?

መዝገብ ፈላጊ፦
ጋሼ፣ ትልቁን ነጥብ አነሱት። እኔ የምለውም እሱን ነው። የጠላትን መዝገብ «አውሮፕላኑ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?» ለሚለው እመነው። «በምን ምክንያት ጠፋ?» ለሚለው ግን ተጠራጠረው። ጀርመኖች ጉዳትን በመቶኛ ነበር የሚጽፉት። መቶ በመቶ ማለት ጠፋ ነው፣ ከ60 በላይ የሆነውም አብዛኛውን ጊዜ ከአገልግሎት ይወጣል። የሶቪየት መዝገብ ላይ ደግሞ «ከግዳጅ አልተመለሰም» የሚል ብቻ በብዛት ታገኛለህ። ተዋጊ ይምታው፣ የጸረ አውሮፕላን መድፍ ይምታው፣ ሞተሩ ይበላሽ፣ አይናገርም።

የታሪክ ወዳጅ፦
ቢሆንም ከአብራሪው አፍ ይሻላል። የኮሪያን ጦርነት ተመልከቱ። አሜሪካኖች 792 ሚግ (የሶቪየት ሥሪት ተዋጊ ጄት) ጥለን 78 ሴበር (የራሳቸው ተዋጊ ጄት) ብቻ አጣን ሲሉ ኖሩ። የሶቪየቶቹ ሰነድ ሲወጣ የጠፋባቸው ሚግ 335 ነው። አለቀ።

መዝገብ ፈላጊ፦
አላለቀም! 335 የሶቪየቶቹ ብቻ ነው። ቻይናና ሰሜን ኮሪያም ሚግ እያበረሩ ይዋጉ ነበር፣ የነሱም ኪሳራ መደመር አለበት። ከሦስት አየር ኃይል የአንዱን መዝገብ ይዘህ ፍርድ ሰጠህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሶቪየቶቹም በበኩላቸው ከ1,000 በላይ አውሮፕላን ጣልን ብለዋል፣ ያ ደግሞ ከአሜሪካኖቹ የኪሳራ ዝርዝር ጋር አይገጥምም። ሁለቱም ወገን አጋንኗል። ሚግ 15 በጥይት ተበሳስቶ ወደ ሰፈሩ የሚመለስ ጠንካራ አውሮፕላን ነበር። ከሴበሩ መትረየስ ጋር የተገጠመው ካሜራ ጥይቱ ሲያርፍ እንጂ ሚጉ ከያሉ ወንዝ ማዶ፣ ቻይና ውስጥ፣ በሰላም ሲያርፍ አያሳይም።

ንስር፦
እሺ፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጀርመናዊ አብራሪ የኤሪክ ሃርትማን 352 ድልስ? የሶቪየት ቤተ መዛግብት ከተከፈተ ወዲህ ግማሹም እውነት አይደለም የሚሉ በዝተዋል።

መዝገብ ፈላጊ፦
እንዴት እንደቆጠሩ መጀመሪያ ይንገሩን። የአንድ ሬጅመንት (የአየር ጦር ክፍል) ማህደር ገልጦ «እዚህ የለም፣ ስለዚህ ውሸት ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። በዚያ ሰማይ ላይ የነበረው ሬጅመንት ብዙ ነው። ሶቪየቶች የሚጽፉት በሞስኮ ሰዓት ነው፣ ጀርመኖች በራሳቸው። ቦታውንም ጀርመኖቹ በካርታ አራት ማዕዘን፣ ሶቪየቶቹ በመንደር ስም ነው የሚያስቀምጡት። ሰዓቱን ሳታስተካክል ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ብታስቀምጥ አንድ ውጊያ ሁለት ይመስልሃል። በተቃራኒውም ችግር አለ። የጀርመን አየር ኃይል የ1944 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ዝርዝር አብዛኛው ጠፍቷል። በዚያ ዓመት አንድ የሶቪየት ወይም የአሜሪካ አብራሪ ጣልኩ ያለው አውሮፕላን ዝርዝር ውስጥ ባይገኝ ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም፣ ገጹ ራሱ የለም።

ስለዚህ የተረጋገጠ፣ ያልተረጋገጠ፣ ሐሰትነቱ የታወቀ ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ሰዎች ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር ሲደባልቁ ያናድደኛል። ሐሰት የምንለው ሲገኝ ደግሞ በግልጽ እንበለው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 በሰሜን አፍሪካ አራት የጀርመን አብራሪዎች ተስማምተው የውሸት ድል ሲያስመዘግቡ ነበር። ያ ከጭስና ከደመና ስህተት ጋር አንድ አይደለም።

ጡረተኛው፦
ይሄ ሁሉ ልፋት ግን ለምን? 185 ይሁን 60፣ እንግሊዝ አሸንፋለች። ሂትለርም ከሁለት ቀን በኋላ እንግሊዝን ለመውረር የያዘውን ዕቅድ ወደ ሌላ ጊዜ አስተላልፎታል።

መዝገብ ፈላጊ፦
ልክ ነው ጋሼ፣ ቁጥሩ ቢወርድ ድሉ አይወርድም። ንስርም ይህን ይያዝልኝ፣ የማንም ሜዳሊያ ይነጠቅ አላልኩም። ግን የተጋነነ ቁጥር ያኔም ሰው ገድሏል። የጀርመን ስለላ የራሱን አብራሪዎች ቁጥር አምኖ እንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን እያለቀባት ነው ብሎ ገመተ፣ ቦምብ ጣዮቹም በዚያ ግምት ተላኩ። ሌላው የጠፉት ሰዎች ናቸው። የአንዱ ወገን «እዚህ መንደር አጠገብ ጣልኩ» እና የሌላው «አልተመለሰም» ሲገናኙ፣ መሬት ውስጥ የተገኘ የሞተር ቁጥር ሲጨመርበት፣ ለአሥርት ዓመታት መቃብር ያልነበረው አብራሪ ስሙ ይታወቃል። ሁለቱንም መዝገብ ካልያዝክ ያን ሰው አታገኘውም።

ንስር፦
በዚህኛው አልከራከርህም። ነገር ግን መጽሐፍ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው ያኔ የጸደቀለት ቁጥር ይሁን፣ የናንተ ማጣሪያ ከጎኑ ይምጣ።

የታሪክ ወዳጅ፦
እኔ አሁንም ቀድሞ መምጣት ያለበት የጠፋው አውሮፕላን ቁጥር ነው እላለሁ። የሁሉም አየር ኃይሎች ተደምሮ ከሆነ ግን።