ለ211 ማርቸዲስ የማይጮህ ጎማ (225/55/16) የቱ ነው? የትስ ይገኛል?

የሳር ቤቷ
ሰላም ቤተሰብ። የ2004 ሞዴል ማርቸዲስ ኢ200 ኮምፕረሰር አለችን፣ 211 የምትባለዋ። ጎማዋ 225/55/16 ነው። አምና ክረምት መግቢያ ላይ በርከስ ያለ ጎማ ተገጠመላት። ከተማ ውስጥ ደህና ናት፤ አዳማ ፈጣን መንገድ ገብተን 80 ስናልፍ ግን "ውውውው" የሚል ድምፅ ውስጡን ይሞላዋል። አባቴ ከኋላ ተቀምጦ ሬዲዮው አልተሰማኝም እያለ ይነጫነጫል። ፍጥነት አልፈልግም፣ ብዙ ዓመት ይቆይልኝም አልልም። ጸጥታና ምቾት ብቻ። ከሚሸሊን ፕራይመሲ፣ ከብሪጅስቶን ቱራንዛና ከዮኮሃማ ዴሲቤል የቱን ትመክሩኛላችሁ? አዲስ አበባ ውስጥስ ትክክለኛውን ከየት ልግዛ?

ጉርድ ሾላ
ወንድሜ ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ። ድምፅ የሚባል ነገር ትረሳለህ። በዚህ የነዳጅ ሰልፍ ኮምፕረሰር ይዞ አዳማ መመላለስ ምን የሚሉት ነው?

የሳር ቤቷ
እህትህ ነኝ። መኪናዋ የአባቴ ናት፣ አትሸጥም። የጠየቅሁት ጎማ ነው።

ሦስት ቁጥር ማዞሪያ
@ጉርድ ሾላ ኤሌክትሪክ ላይ እኮ ሞተሩ ዝም ስለሚል የጎማው ድምፅ ጎልቶ ነው የሚሰማው። ፋብሪካዎቹ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ጎማ የሚሠሩላቸው ለምን ይመስልሃል?

የሳሪስ አባት
ልጄ፣ እኔ ሳሪስ ካለው ጎሚስታችን ሌላ ቦታ መኪናዬን አስነክቼ አላውቅም። ጎማውን በእጁ ዳሰስ ያደርግና "ይሄ ይጮሃል፣ ይሄ አይጮህም" ይልሻል። የምን ስም ማማረጥ ነው? እሱ የሰጠሽን አስገጥሚ።

ሦስት ቁጥር ማዞሪያ
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎማ ነው ሐብሐብ?

የሳሪስ አባት
ሳቅ አንተ። የኔ ዲኤክስ በእሱ እጅ ነው ይኸው እስከዛሬ የምትሄደው።

ሦስት ቁጥር ማዞሪያ
ዲኤክስ ውስጥ የጎማ ድምፅ የሚሰማው ሞተሩ ሲጠፋ ነው ጋሼ።

ቀበና
ስለ ስም ከመከራከራችሁ በፊት የተመረተበትን ቀን አይታችሁ ግዙ። እኔ ጥቅምት 2016 ላይ ስሙ የታወቀ ጎማ አራት ፍሬ "አዲስ ነው፣ ከካርቶን አልወጣም" ተብዬ ገዛሁ (ጎማ በካርቶን እንደማይመጣ ያኔ ማን ይንገረኝ)። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፀጉሩ ያልረገፈ። እዚያው ገጠሙልኝ። ዝናብ ሲጥል ፍሬን ስይዝ እንደ ሳሙና ያንሸራትተኛል፤ መንገዱ ነው እያልኩ ከረምኩ። አንድ ቀን ሚስማር ወጋውና ሰፈር ያለው ጎሚስታ ፈትቶ ሲገለብጠው በውስጠኛው ጎን 2216 የሚል ቁጥር አሳየኝ። 22ኛው ሳምንት፣ 2016 እንደ ፈረንጅ። በእኛ ግንቦት 2008 መሆኑ ነው። ሌሎቹን ሦስቱንም አስፈታሁ፣ ያው ናቸው። ቀኑ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ አራቱንም ቀኑን ወደ ውስጥ አድርገው ነው የገጠሙልኝ!

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ወንድሜ፣ 16 ማለት እኮ 2016 ነው፣ ዘንድሮ የተመረተ ነው።"

ቡልጋሪያ ማዞሪያ
😂😂😂 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያመርት የቻይና ፋብሪካ!

ሦስት ቁጥር ማዞሪያ
ቆይ፣ በእኛ ከሆነ እኮ 22ኛው ሳምንት የካቲት መባቻ ነው። በጥቅምት ስትገዛው ገና አልተመረተም ነበር ማለት ነው። ይልቅ እጣን አጭስበት።

ገርጂ
የሱቁን ስም ጻፈው እንጂ ሌላውም ይጠንቀቅ።

ቀበና
ስም ጠርቼ ነገር አልፈልግም። መርካቶ ነው።

ገርጂ
መርካቶ! አመሰግናለሁ፣ አሁን ከስንት ሺህ ሱቅ አንዱን ብቻ ነው የምርቀው።

ቡልጋሪያ ማዞሪያ
ደረሰኝ አልያዝክም?

ቀበና
ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል አለኝ።

ገርጂ
በቃ ተወው።

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ
እህቴ፣ እኔ የድሮ ሌክሰስ ኤልኤስ 430 ነው የምነዳው፣ 225/60/16። ሚሸሊን ፕራይመሲ ካስገጠምኩ ወዲህ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማኛል። ኮስትኮ (እዚህ አሜሪካ ያለው ትልቅ መደብር) ሄደሽ ግዢ፣ መግጠሙንም ባላንሱንም እዚያው ይሠሩልሻል፣ ችግር ቢኖር ይመልሱልሻል።

ሦስት ቁጥር ማዞሪያ
ኮስትኮ ከሶማሌ ተራ በላይ ነው በታች?

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ
የማውቀውን ነው የተናገርኩት ወንድሜ።

ጋራዥ ያደግሁ
@የሳር ቤቷ እህቴ፣ ጎማ ከመግዛትሽ በፊት ድምፁ ከጎማው መሆኑን አረጋግጪ። ብዙ ሰው አራት ውድ ጎማ ገዝቶ "ውውው"ው አብሮት ይመለሳል።

አንደኛ፣ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ)። ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ 70 እና 80 ላይ ሆነሽ መሪውን ለስለስ አድርገሽ ትንሽ ወደ ግራ ያዢ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ስትይዢ ክብደቱ በቀኝ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ያኔ ድምፁ ከጨመረ የቀኙን ኩሽኔታ ጠርጥሪ። በተቃራኒው ደግሞ የግራውን። ምንም ካልተለወጠ ወደ ጎማው እንሂድ።

ሁለተኛ፣ መኪናዋ ቆማ መዳፍሽን በጎማው ጥርስ ላይ አሳልፊ፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደሚቧጭር ሆኖ ከተሰማሽ ጎማው ተበልቷል። ያንን የሚያመጣው አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ መዛባት) ወይም ያለቀ ቡሽ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያለው ላስቲክ) ነው። ቦታ ቦታ ላይ ጎድጎድ እያለ ከተበላ ደግሞ አሞርዛተሩን ተመልከቺ። አዲሱን ጎማ በዚያው ላይ ከገጠምሽ እሱም እንደዚያው ይበላል፣ እሱም ይጮሃል።

ሦስተኛ፣ ንፋሱ። ጎሚስታዎቻችን ከሚኒባስ እስከ ማርቸዲስ ለሁሉም 40 ነው የሚሞሉት። የናንተ መኪና ትክክለኛው ልክ የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጠኛ ጎን ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ሳትንቀሳቀስ ለኪው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ስሙ ምንም ቢሆን ኮብልስቶኑን እየቆጠረ ነው የሚያስገባልሽ።

ጉርድ ሾላ
ይሄ ሁሉ ጣጣ… ኤሌክትሪክ እኮ አልኳችሁ።

ቪ8 ብቻ
ጎማ ላይ ከሆናችሁ አይቀር፣ ለላንድክሩዘር የኤቲ (ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆን) ጎማ ምን ትመክሩኛላችሁ? ወደ ባሌ ልወጣ ነው።

ቡልጋሪያ ማዞሪያ
@ቪ8 ብቻ ለጭቃው ነው ለኮረኮንቹ? ሳነቴ ከሆነ ጎኑ ወፍራም የሆነ ያዝ፣ ስኮርት ጎማ ሁለት ይሁንልህ። በረዶ ላይ ግን…

ቪ8 ብቻ
በረዶ አለ እንዴ?

ቡልጋሪያ ማዞሪያ
ወንድሜ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የምትወጣው። ጃኬትም ያዝ።

የሳር ቤቷ
@ጋራዥ ያደግሁ እግዜር ይስጥህ። ሲነጋ እጄን አሳለፍኩበት። የፊቶቹ ወደ አንድ በኩል ለስላሳ ናቸው፣ ወደ ኋላ ስመልሰው ግን መጋዝ ነው፣ በተለይ የውስጠኛው ጠርዝ። የኋላዎቹ ደህና ናቸው። ንፋሱም አራቱም 41 እና 42 ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ቀኑንም አየሁ፣ እሱስ ደግ ነው።

ጋራዥ ያደግሁ
እንግዲያው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፊት ቡሾችና ቦል ጆይንት (የፊት እግሩ መገጣጠሚያ) ይታዩ፣ ከዚያ አላይመንት፣ ከዚያ ጎማ። ላልቷል የሚልሽ ካለ መኪናዋ ክሪክ ላይ ሆና በብረት እየነቀነቀ ያሳይሽ፤ ሳታዪ አትክፈዪ።

ስለ ጎማው፦ ከዘረዘርሻቸው ሦስቱም ለምቾት የተሠሩ ናቸው። ለኔ ፕራይመሲ ጉድጓዱን ለስለስ አድርጎ ያልፈዋል፣ ቱራንዛ ትንሽ ይጠነክራል፣ ዴሲቤሉን ካገኘሽው ለዝምታ እሱን እመርጣለሁ። ይህ የኔ ጆሮ ነው። የአውሮፓ ምልክት የተለጠፈበት ከሆነ 68 ወይም 72 ዴሲቤል የሚለውን አይተሽ ብቻ አትወስኚ፤ ያ ሞተር ጠፍቶ በ80 ፍጥነት ስታልፊ ውጭ መንገድ ዳር የሚለካው ድምፅ ነው። አባትሽ ደግሞ የተቀመጡት ውስጥ ነው። 225/55/16 ሲሸጥ 95 እና 99 ኤክስኤል የሚባል የመሸከም አቅም ቁጥር አለው። 99ኙ ብዙ ይሸከማል፣ ጎኑም ጠንከር ይላል፤ ለናንተ 95ቱ ይበቃል፣ አንዱ ጎማ 690 ኪሎ ነው የሚችለው።

ሲኤምሲ
እኔ የቢኤምደብሊው ኢ60 ሰው ነኝ። ከራንፍላት (ተበስቶም ከሚነዳ ጎማ) ወደ ተራ ጎማ ስቀይር ሌላ መኪና የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ያው ስኮርት ስለሌለኝ መንገድ ስወጣ እጸልያለሁ።

የሳሪስ አባት
ያ ሁሉ የተጻፈውን የኛ ጎሚስታ በሁለት ደቂቃ ይነግራት ነበር።

ገርጂ
@የሳሪስ አባት ጋሼ እውነት እውነት፣ አላይመንት ማሽን አለው?

የሳሪስ አባት
ክር አለው።

ሦስት ቁጥር ማዞሪያ
እኔ ምንም አልተናገርኩም።

ጋራዥ ያደግሁ
በክርም የሚያስተካክል አዋቂ አለ፣ አትሳቁ። ለ211 ግን ኮምፒውተር ያለው ይሻላል።

ቀበና
አላይመንትም ቢሆን ወረቀቱን አትም በሉት፣ በፊትና በኋላ ያለውን። አንድ ቦታ መኪናዬ ማሽኑ ላይ እንደቆመች ልጁ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ "አለቀ" ብሎ አወረዳት…

ቡልጋሪያ ማዞሪያ
ይሄኛውም መርካቶ ነው?

ቀበና
ይሄኛው አይደለም።

ብስራተ ገብርኤል
@የሳር ቤቷ ለ211 የሚሆን ኦርጅናል 18 ቸርኬ ከነጎማው፣ 245/40፣ አራት ፍሬ አለኝ። ከዱባይ የመጣ። ዙሪያው ከ16ቱ ጋር እኩል ነው፣ ኪሎሜትር ቆጣሪውን አይነካም። መኪናዋን ወንድ ያደርጋታል።

ጋራዥ ያደግሁ
ወንድም፣ ጸጥታ ነው የፈለገችው። ጎኑ 40 የሆነ አጭር ጎማ ጉድጓድ ሲገባ የአባቷ አከርካሪ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሲኤምሲ
@ብስራተ ገብርኤል የቡሎን ቦታው 5 በ112 ነው? ዋጋው ስንት ነው?

ብስራተ ገብርኤል
አዎ 5 በ112። ዋጋ በውስጥ መስመር።

ገርጂ
ኧረ እዚሁ ጻፈው!

ብስራተ ገብርኤል
ለቁም ነገረኛ ብቻ።

ቪ8 ብቻ
@ቡልጋሪያ ማዞሪያ ሮቤ ላይ ጎሚስታ አለ?