«ካርማ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂ፦ አንድ የህንድ ተከታታይ ድራማ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ምራቷን ከቤት ያባረረች አማት ከደረጃ ወድቃ እግሯ ይሰበራል። ጎረቤቷ አየት ታደርጋትና «ካርማዋ ነው» ትላለች። እኔ «ዕድሏ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ አርታኢዬ በቀይ ሰረዘው። ምን ትላላችሁ?

ብራና፦ አርታኢህ ደግ አደረገ። የአርባ ቀን ዕድል ሰው ገና ምንም ሳይሠራ የሚጻፍለት ነው፤ ካርማ ደግሞ ሠርቶ ያመጣው ነው። በሳንስክሪት «ክር» ማለት ማድረግ ነው፤ «ካርማ» ከዚያ ወጥቶ ድርጊት ማለት ሆነ። የእኛም ግዕዝ ከ«ገብረ» «ግብር»ንና «ምግባር»ን አውጥቷል። «ግብሯ ነው» ብትል በትክክል ይገጥም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ግብር ሲባል የሚታየን የገቢዎች ቢሮ ሰልፍ ነው! «የእጇን አገኘች» በለው።

የቀድሞ መምህር፦ ለዚህ ትዕይንት «የእጇን አገኘች» ያምራል። ለቃሉ ትርጉም ግን አይበቃም። «የእጅህን ይስጥህ» ስንል ሰጪ አለ፣ እግዚአብሔር ነው። ከሂንዱ ሊቃውንት መካከል የሥራን ፍሬ የሚያከፋፍለው አምላክ ነው የሚሉ አሉ። በቡድሃ ትምህርት ግን ፈራጅ የለም፤ ዘሩ ራሱ ይበቅላል። ቡድሃ «ካርማ የምለው ሐሳብን ነው» ብሏል፤ ሳያይ ጉንዳን የረገጠና ሆን ብሎ የረገጠ እኩል አይደሉም።

ሌላም ልጨምር። ሕመምተኛ ሆኖ የተወለደን ሕፃን «የእጁን አገኘ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ቢኖር ነውር ነው። ካርማ ግን ካለፈ ሕይወትም ስለሚመጣ እዚያ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ በድርሰትና በጥናት ጽሑፍ ቃሉን እንዳለ ተዉት እላለሁ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። እግረ መንገዴን፣ «ኒርቫና»ን «ገነት» ማለት ይቻላል? በሌላ ክፍል አንድ መነኩሴ ይናገረዋል።

የቀድሞ መምህር፦ በፍጹም። ገነት የሚገባበት ቦታ ነው። ኒርቫና እፍ ብሎ ማጥፋት ማለት ነው፤ የሚጠፋው የስስት፣ የጥላቻና የድንቁርና እሳት ነው። ኩራዝ ሲጠፋ ነበልባሉ ወዴት ሄደ ብለው ይጠይቃሉ? በእኛ ግን «ጠፋ» የሞተንም፣ የባከነንም፣ የኮበለለንም ስለሚጨምር ተመልካቹ ይደነግጣል። «የእሳቱ መብረድ» ይሻላል።

ብራና፦ ሂንዱዎቹስ «ሞክሻ» አይደል የሚሉት? እሱ መፈታት ነው።

የቀድሞ መምህር፦ ልክ ነህ፤ ከመወለድና ከመሞት ዙር መፈታት። «ፍትሐት» እንዳትለው ብቻ፣ ተመልካቹ ተዝካር ይጠብቃል።

ወለላ፦ «ዱካ» የሚባለውን የቡድሃ ትምህርት ቃል (የእኛን የእግር ዱካ አይደለም) «ስቃይ» ብለው የሚተረጉሙት እኔን አይዋጥልኝም። ቡድሃ ያለው ሰው ሁሉ ያቃስታል አይደለም፤ ደስታውም ቢሆን አይጸናም፣ አያረካም ነው። እናቴ ሠርግ አምሮ ሰምሮ ካለቀ በኋላ ድንኳኑ ሲነቀል እያየች «ዓለም ጎደሎ» ትል ነበር። ለእኔ ዱካ ያ «ጎደሎ» ነው።

ብራና፦ ይህን ቃል ወሰድኩት።

ጠያቂ፦ ዛሬ ስቱዲዮ ሞከርነው። የተዋናይዋ አፍ ሲዘጋ «የእጇን አገኘች» ገና አላለቀም። «የእጇ ነው» ብዬ አሳጠርኩት፤ ከከንፈሯ ጋር ገጠመ።